ከሙሽራዋ ኋላ ማን አለ?

የሠርግ አልበም ማገላበጥ የማይወድ እጁን ያውጣ! እንግዳ ሲመጣ ቡናው እስኪፈላ አልበም ይሰጠዋል። እኔን ግን ከሆነ ጊዜ ወዲህ አልበም ያናድደኛል። ልብ ብላችሁ እዩት… ሙሽሮቹ ቦግ ብለዋል፣ ከኋላቸው ያለው ሁሉ ጥቁር ነው። በ8 ሰዓት ቀን የተነሳው ፎቶ እኩለ ሌሊት ይመስላል።

አምባ ጊዮርጊስ (ከጎንደር ወደ ደባርቅ ስትሄዱ የምታገኟት፣ ወደ 3000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት) ሠርግ የሚበዛው ጥር ላይ ነው። ደጁ ፀሐይ ዓይን ያጭበረብራል፤ ቤት ስትገቡ ደግሞ ያለው ብርሃን ከበሩና ከአንዲት ትንሽ መስኮት የሚገባው ነው። ፎቶ አንሺው ይገባና ፍላሹን በሙሉ ኃይሉ ፊት ለፊት ይለቀዋል።

ፍላሽ ደግሞ አድሎኛ ነው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ሩብ ይሆናል። ሙሽራዋ 1 ሜትር ላይ ተቀምጣ እናትየዋ 4 ሜትር ላይ ብትቆም፣ ለእናት የሚደርሳት የልጇ 1/16ኛ ነው። እኛ ዘንድ እናት መቼ ፊት ትቀመጣለች? የጓዳ በር ላይ ነው የምትቆመው።

አክስቴ ያረፈች ጊዜ ለለቅሶው የሚሆን ፎቶ ፈለግን። የ3 ልጆቿን የሠርግ አልበም ገለበጥን። አለች እኮ! በየሠርጉ አለች። ግን ያለችው ነጠላዋ ነው፤ ጠርዙ ነጣ ብሎ ይታያል፣ ፊቷ የለም። በመጨረሻ የመታወቂያ ፎቶዋን አስጎላን። በሕይወቷ እንደዚያ ተኮሳትራ አታውቅም።

የሚያበግነኝ መፍትሔው ውድ ዕቃ አለመፈለጉ ነው። ፍላሽ በርቶ የሚጠፋው በሺህኛ ሰከንድ አካባቢ ነው። ስለዚህ ካሜራው በሩን (ሸተር የሚሉትን) ለምን ያህል ጊዜ ከፍቶ እንደቆየ ፍላሹ ግድ የለውም፤ የቤቱ ብርሃን ግን ህልውናው እሱ ላይ ነው። ሸተሩን ከ1/200 ወደ 1/30 ሰከንድ ስታወርዱት ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ከ6 እጥፍ በላይ ይጨምራል። አይኤስኦውን ወደ 1600 ከፍ፣ ፍላሹን ዝቅ። ይደበዝዛል ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ የሚንቀሳቀስ ነገር ይደበዝዛል። እስክስታ ላይ የደበዘዘ ትከሻ ለኔ ነውር አይደለም።

(ሰማያዊ ሸራ የለበሰ ዳስ ውስጥ ግን ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ የቤቱን ብርሃን ብቻ ካመናችሁ ሚዜው ሁሉ የታመመ ይመስላል። ፍላሽ እዚያ ባለውለታ ነው።)

«ፍላሹን ኮርኒስ ላይ አንጥሩት» የሚል ምክርም አለ። ምክሩን የጻፈው ሰው ነጭ ኮርኒስ ነበረው። የኛ ጣራ የስንት ዓመት ጭስ የጠጣ ነው፣ ብርሃኑንም ይጠጣዋል። ነጭ ነገር ግን መች ጠፋ? ባለፈው የዘመድ ሠርግ ላይ ያጎቴን ልጅ ጋቢውን አስወልቄ እንደ ግድግዳ ዘርግቶ እንዲይዝልኝ አደረግሁ፤ የፍላሹን አንገት ወደ ጋቢው አዞርኩ። ብርሃኑ ለስለስ ብሎ ጓዳው በር ድረስ ሄደ። እናትየዋ ጠላ እየቀዳች፣ ቀና ብላ ልጇን እያየች ወጣች፤ ጥርሷ ሳይቀር ይታያል። ሌላም ሌላም አነሳሁ። ልጁ ግን በሸሚዝ ቀርቶ ነበርና «ኧረ እቴ ቶሎ በይ፣ ብርዱ ሊገለኝ ነው!» ይለኛል።