መኪና ልንገዛ ሄደን

አንባቢ ሆይ፣ እርስዎም እንደ እኔ የወር ደመወዝተኛ ከሆኑ መኪና መግዛት ገና የሐሳብ ነገር ይሆንብዎታል። እኔም ለራሴ ልገዛ አልሄድሁም፤ የሄድሁት ወንድም ጋሼን ተከትዬ ነው። ወንድም ጋሼ ዕድሜውን ሙሉ የሰው መኪና ሲነዳ የኖረ ሾፌር ነው፤ እኔንም እስከ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረኝ በዚሁ ደመወዙ ነው። ባለፈው ዓመት ዕቁብ ወጣለት፤ እናታችን ከብቶቿን ሸጠች፤ የጎደለውን ከዘመድ ተበደርን። የራሱን መኪና ገዝቶም የታክሲ ሥራ ሊሠራባት ቈረጠ። ገበያ በምንወጣበት ጧት «እኔ ሞተሩን እሰማለሁ፤ አንተ ወረቀቱን ታነባለህ» አለኝ። ይህ ለእኔ ታላቅ ሹመት ነበር።

የአሮጌ መኪና ገበያ ዛሬ እንዴት እንደ ሆነ አዲስ አበባ የሚኖር ሁሉ ያውቀዋል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ከውጭ ማስመጣትን እጅግ አስወደደው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ ቀድመው የገቡት አሮጌዎቹ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራሉ። ሌላው ዕቃ ሲያረጅ ዋጋው ይወርዳል፤ መኪና ግን ሲያረጅ ዋጋው ሲወጣ አየን። እንዲህ ባለ ገበያ ገዢው ይቸኩላል፤ ደላላውም የሚኖረው በገዢው መቸኰል ነው።

ያገኘነው ደላላ ንግግሩ የሚጥም ሰው ነበር። መምህር መሆኔን ከሰማ ጀምሮ «ቲቸር፣ ለእርስዎማ አልዋሽም» እያለ በየመካከሉ ይምላል። መኪናዋ ነጭ ያሪስ ናት። «የሴት እጅ ናት፤ ከቤት ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ቤት። ሞተሯ አልተከፈተም፤ ቀለሟ አልተነካም» አለን። ቆጣሪዋም 87,000 ኪሎ ሜትር ይላል። የሚሸጠው መኪና ሁሉ የሴት እጅ ከሆነ፣ በየመንገዱ መሪ ይዘው የምናያቸው ወንዶች የማንን መኪና እንደሚነዱ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ወንድም ጋሼ አንድ ቃል ሳይናገር እጁን ኮፈኑ ላይ አሳረፈ። ሞቋል። ያደረ ሞተር በብርዱ ሲነሣ በሽታውን ይናገራል፤ የሚያጨስም ከሆነ ያን ጊዜ ያጨሳል፤ ስለዚህ ሻጩ ገዢው ሳይደርስ አሙቆ ይጠብቃል። አንባቢ ሆይ፣ መኪና ሊያዩ ሲሄዱ ሞተሩ ሳይሞቅ እርስዎ ያስነሡት። ቀጥሎ ኮፈኑን አስከፍቶ ውስጡን ተመለከተ፤ እኔም ለእናታችን እልክላታለሁ ብዬ በስልኬ ፎቶግራፍ አነሣሁ። ከዚያ ጐንበስ ብሎ የፍሬኑንና የፍሪሲዮኑን መርገጫ አየ። ላስቲካቸው ተበልቶ ብረቱ ሊወጣ ደርሷል፤ የመሪው ቆዳ ተልጧል፤ ወንበሮቹ ግን አዲስ ልብስ ለብሰዋል። «ይህ የ87 ሺህ እግር አይደለም» አለ። ደላላው ሣቀና «የከተማ መንገድ መርገጫ ይበላል» አለው። ወዲያው ስልኩ ጠራ፤ ሌላ ገዢ ገንዘቡን ይዞ በመምጣት ላይ ነው ተባለ። ያ ገዢ እስከ ዛሬ አልደረሰም። «እንዳታመልጠን» ያልሁት ግን እኔ ነኝ፤ ወንድም ጋሼም ሰማኝ።

50,000 ብር ቀብድ ሰጠን። ውሉ ሲጻፍ ደላላው ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ «ቲቸር፣ ዋጋውን ዝቅ አድርገን እንጻፈው፤ ለመንግሥት የሚከፈለው ይቀልላችኋል» አለኝ። በአፍ የተስማማንበት 1,150,000 ብር ነው፤ በወረቀቱ ላይ ግን 500,000 ብር ተብሎ ተጻፈ። ወረቀቱን እንዳነብ የተሾምሁት እኔ አነበብሁት፤ ሐሰት መሆኑን እያወቅሁ «ልክ ነው» ብዬ በምስክርነት ፈረምሁ። ሰው ሁሉ እንዲህ ያደርጋል ብዬ ራሴን አሳመንሁ።

በማግሥቱ በትምህርት ቤታችን ሻይ ክበብ ፎቶግራፉን ለጓደኞቼ ሳሳይ፣ ሻይ የምትቀዳልን እኅት በትከሻዬ ላይ አሻግራ አየችና «ይቺ መኪና ዓረብ አገር ነበረች እንዴ?» አለችኝ። ይህች እኅት ሪያድ ስድስት ዓመት በሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች ናት። ኮፈኑ ሥር አንዲት የደበዘዘች ወረቀት ተለጥፋለች፤ ዘይት ሲቀየር የሚለጥፏት ናት። የተጻፈባት በዓረብኛ ቍጥር ስለ ሆነ ለእኔ ጭረት ብቻ መስላኝ ነበር። ለሻጩም እንዲሁ ሳትመስለው አልቀረችም፤ ቢያውቅ ኖሮ ልጦ ይጥላት ነበር። እኅታችን ሥዕሉን አጕልታ አየችና «ዘይቱ የተቀየረው ሁለት መቶ ዐሥራ አራት ሺህ ላይ ነው» ብላኝ ትሪዋን አንሥታ ሄደች።

ያን ጊዜ በዩኒቨርሲቲ የተማርሁት ትዝ አለኝ። ጆርጅ አከርሎፍ የተባለ አሜሪካዊ የኢኮኖሚ ሊቅ በ1970 እ.ኤ.አ. ስለ አሮጌ መኪና ገበያ አንድ ጽሑፍ አሳተመ። በአሜሪካ እንከን የተደበቀባትን መኪና «ሎሚ» ይሏታል፤ የጽሑፉም ርእስ ከዚሁ የተወሰደ ነው። ሐሳቡ እንዲህ ነው፤ ሻጩ የመኪናውን ጠባይ ያውቃል፣ ገዢው አያውቅም። ገዢው ስለሚጠራጠር ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ይሰጣል፤ ደኅና መኪና ያለው ሰው በዚህ ዋጋ አልሸጥም ብሎ ከገበያ ይወጣል፤ የሚቀሩት ሎሚዎቹ ናቸው። ሊቁ በዚህ መስክ በሠራው ሥራ በ2001 እ.ኤ.አ. ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋር የኖቤልን ሽልማት ተቀብሏል። እኔም ይህንኑ በፈተና ላይ አሳምሬ ጽፌ ጥሩ ማርክ አግኝቼበታለሁ። በዚያ ትምህርት ግን እውነቱን የሚደብቀው ሻጩ ነው፤ ገዢውም አብሮ ሲዋሽ ምን እንደሚሆን አልተማርሁም።

ፎቶግራፉን ይዘን ወደ ሻጩ ሄድን። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱ እንደሚቀርበት፣ የተቀበለው ቢተው ግን እጥፉን እንደሚመልስ ይናገራል። ይሁን እንጂ ያው ሕግ በቍጥር 1704 በተንኰል የተደረገ ውል ሊፈርስ እንደሚችል ይደነግጋል። ሌሊቱን አጥንቼው ስለ ነበር በክፍል ውስጥ እንደማስተምር ሆኜ ዘረዘርሁት። ሻጩ ዝም አለ። ደላላው ግን ሳይቈጣ፣ «መልካም ነው ቲቸር፤ ፍርድ ቤት አብረን እንሂድ። ዳኛው በስንት ተሸጠች ብለው ሲጠይቁ 500 ሺህ ይሏቸዋል ወይስ ሌላ? ፊርማው የእርስዎ ነው» አለኝ። የምመልሰው አጣሁ። ወንድም ጋሼ እኔን አላየኝም፤ መሬት መሬቱን ያያል። በመጨረሻ ሽማግሌ ገብቶ 30,000 ብር መለሱልን፤ 20,000ው ቀረ።

ስንመለስ በመንገድ ላይ የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ከመንግሥት ስንት ልናተርፍ ነበር?» አለኝ። አስልቼ ልነግረው አልደፈርሁም።

ከሁለት ወር በኋላ አንድ ጡረታ የወጡ የሰፈራችን አባት ኮሮላቸውን ሊሸጡ መሆኑን ሰማን። ገና ሞተሩን ሳናስነሣ፣ «ልጆቼ፣ ፍሪሲዮኑ አልቋል፤ ቆጣሪውም ከቆመ አራት ዓመቱ ነው፤ ስንት እንደ ሄደች እኔም አላውቅም» አሉን። ወንድም ጋሼ የፍሪሲዮኑን ማስቀየሪያ ከዋጋው አስቀነሰና ተስማሙ። ውልና ማስረጃ ደርሰን ዋጋው ሲጠየቅ ቀድሞ ሙሉውን የተናገረው እርሱ ነው። የሚከፈለውን ሲሰማ ፊቱ ጠቈረ፤ ብሩን ሁለት ጊዜ ቈጠረ። ከዚያ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ «በል አንብብ» አለኝ፤ ከላይ እስከ ታች ጮኽ ብዬ አነበብሁለት።