ወገቧ ተሰብሯል?

ሰሞኑን ወጣት የእንስሳት ሐኪሞች የውሻ አከርካሪ ቀዶ ሕክምና ቪዲዮ ሲቀባበሉ አያለሁ። ያስቀናል። ዳችሹንድ የሚባለው እግረ አጭር ውሻ ዲስኩ ወጥቶ ሕብለ ሰረሰሩን ሲጫነው፣ ሐኪሙ የአከርካሪውን አንድ ጎን በመሰርሰሪያ ይከፍትለታል። መጀመሪያ ነጭ አጥንት፣ ቀጥሎ ቀይ፣ ከዚያ እንደገና ነጭ ይመጣል። ሁለተኛው ነጭ ሲታይ እጅ መቅለል አለበት፤ ከሥሩ ያለው ሕብለ ሰረሰሩ ነው።

ከዚያ በፊት ያለውን ፈተና ግን ማንም አይቀባበለውም። የውሻውን የኋላ እግር ጣት በመቆንጠጫ ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ። እግሩን ሰበሰበ ብላችሁ ደስ አይበላችሁ፤ እግር አንጎል ሳያውቅም ይሰበሰባል። ዞሮ ካየ ወይም ከጮኸ ነው ሕመሙ አንጎሉ የደረሰው። ይህን ስሜት ያጣ ውሻ ጥሩ ሆስፒታል ውስጥ ቀዶ ሕክምና ቢደረግለት እንኳ ዳግም የመራመድ ዕድሉ ግማሽ ያህል ነው።

ወደ እኛ አገር፣ ወደ ቸሃዋ እምድብር ስንመጣ ግን ታካሚዋ ላም ናት። ሌሊት ወልዳ ጠዋት መነሳት ያቅታታል፤ ባለቤቶቿ «ወገቧ ተሰብሯል» ይላሉ። ብዙ ጊዜ አልተሰበረም። ብዙ የምትታለብ ዲቃላ ከሆነች ካልሲየም አንሷት ይሆናል፤ ጥጃው ትልቅ ከነበረም ሲወጣ ነርቯን ጨፍልቆት ይሆናል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ከኋላ የምትንገዳገድ፣ ለሐጯን የምታዝረከርክ፣ መዋጥ ያቃታት ላም ስታዩ «ጉሮሮዋ ላይ የተሰነቀረ ነገር አለ» ብላችሁ እጃችሁን አፏ ውስጥ እንዳትሰዱ። የነከሳት ውሻ ባይታይም።

እኛ ጋ አከርካሪ ውስጥ የሚገባው የማደንዘዣ መርፌ ነው፤ ጥጃ ሲያስቸግር ወይም ማሕፀን ሲወጣ። ጭራዋን ከፍ ዝቅ እያደረጋችሁ ሥሩን በጣት ስትዳስሱ መገጣጠሚያው ይከፈታል፣ ይዘጋል። ቦታውን ላጩት፣ እጠቡት። መርፌው አናት ላይ ያኖራችኋት የሊዶኬይን ጠብታ ወደ ውስጥ ከተሳበች ገብታችኋል። ባለ 2 በመቶው 5 ሚሊ ሊትር ያህል ይበቃል፤ ከበዛ የኋላ እግሯም ይደነዝዝና ትወድቃለች።

የመርፌው ልምምድ ብር አይጠይቅም። በመስቀል ሰሞንማ ቸሃ ውስጥ አከርካሪ ሞልቷል! ሠንጋው ኮባ ላይ ሲበለት ሄዳችሁ ተቀመጡ። ብልት የሚያወጣው አባወራ መገጣጠሚያውን ሳያይ በቢላ ጫፍ ያገኘዋል፤ ቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የተማረው ሁሉ እንዲህ አያገኘውም። ጭራውን ከዳሌው ሳይለይ እንዲያስቀርላችሁ ለምኑት።