አስተናግር

ታናሽ ወንድሜ አምስት ዓመቱ ሳለ፣ ከጓሯችን ቆሻሻ መድፊያ ጋ የበቀለውን አስተናግር እሾሃማ ፍሬውን ፈልፍሎ ዘሩን በላ። ማታ ፊቱ ቀላ፣ ቆዳው ደርቆ እንደ ምጣድ ጋለ፣ የዓይኑ ብሌን ከመስፋቱ የተነሳ የሌላ ልጅ ዓይን መሰለ። ከሌሉ ሰዎች ጋር ሲያወራ፣ ከብርድ ልብሱ ላይ የማይታይ ነገር ሲለቅም አደረ። ተክሉ ለምን አስተናግር እንደተባለ ያኔ ገባኝ። ተረፈ። እማዬ ከዚያ ወዲህ በየክረምቱ ከነሥሩ ትነቅለዋለች።

ከሃያ ዓመት በኋላ ይኸው ወንድሜ መቂ አካባቢ የሽንኩርት ማሳ ላይ "መድኃኒት" ሲረጭ በጀርባው ያዘለው መርጫ አፈሰሰበት። (ፀረ ተባዩን ሁሉም ሰው መድኃኒት ነው የሚለው።) ሆስፒታል ስንደርስ ምራቁ ይዝረበረባል፣ ላብ አጥምቆታል፣ ብሌኑ የመርፌ ጫፍ አክሏል፣ ደረቱ ውስጥ ውሃ የሚፈላ ይመስላል። ነርሷ በደም ሥሩ አትሮፒን ትሰጠዋለች፤ አምስት ደቂቃ ጠብቃ ደረቱን ታዳምጣለች፣ ካልደረቀ እጥፍ አድርጋ ትደግመዋለች።

ሥራዬ ኮድ መጻፍ ነው፤ ያልገባኝ ነገር እንቅልፍ ይነሳኛል። ኮሪደር ላይ ቁጭ ብዬ በስልኬ አነበብኩ። ነርቭ ለዕጢዎች ትእዛዝ የሚያስተላልፈው በአሲቲልኮሊን ነው፤ ሥራውን ሲጨርስ የሚያፈርሰው ኤንዛይም አለ። ፀረ ተባዩ ያንን ኤንዛይም ያሽመደምደዋል። ትእዛዙ አይቆምም፣ ሳንባ ፈሳሽ ይሞላል፣ ሰው ደረቅ መሬት ላይ ይሰምጣል። አትሮፒን ኤንዛይሙን አያድነውም። ተቀባዩ ላይ ቁጭ ብሎ ትእዛዙ እንዳይሰማ ያደርጋል፣ በቃ። እኛ ቢሮ ቢሆን "ችግሩን አልፈታኸውም፣ ዝም አሰኘኸው እንጂ" እባል ነበር። ወንድሜን ግን የሚያስተነፍሰው እሱ ነው።

ከምን እንደሚገኝ የሚለው ጋ ስደርስ ቆምኩ። አትሮፒን ማለት ሂዮስያሚን ከመስታወት ምስሉ ጋር እኩል የተቀላቀለ ነው። ሂዮስያሚን ደግሞ አስተናግር ውስጥ ያለው ነው። ለእማዬ አልነገርኳትም።

እኩለ ሌሊት ላይ ደረቱ ጠራ። ትንሽ ቆይቶ ፊቱ ቀላ፣ የሌለ ሰው ይጠራ ጀመር፣ ጣቶቹ ብርድ ልብሱን መልቀም ያዙ። እማዬ ብድግ አለች።

"ልጄ፣ ይሄን አውቀዋለሁ። ያንን ቅጠል ነው እንዴ የሰጣችሁት?"

ነርሷ መጀመሪያ እናቴን፣ ከዚያ ወንድሜን አየችው። ደረቱን አዳመጠች፣ ጠብታውን ለጊዜው ዘጋችው። "መድኃኒቱ በዝቶበት ነው እናቴ፣ ቀንሰን እንቀጥላለን" አለቻት።

ወንድሜ ዳነ። ቤት ከገባን በኋላ ነገሩን ሁሉ ለእማዬ አስረዳኋት። ጸጥ ብላ ሰማችኝና፣

"ታዲያ እነሱ ሲሰጡት መድኃኒት፣ የእኛ ጓሮ ሲሆን መርዝ?" አለችኝ።

የእነሱ በሚሊግራም የተለካ ነው አልኳት። የጓሮው ግን ከተክል ተክል፣ ከዘር ዘር ይለያያል፤ ስንቱ እንደሚያሳብድ፣ ስንቱ እንደሚገድል በዓይን አይታወቅም።

"እኮ" አለችና ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ጓሮ ወጣች። ክረምቱ ገና መግባቱ ነበር።