ዛሬ ምን አየሽ?

በጥር 2010 ዓ.ም. የምሠራበት የግብርና ግብዓት አከፋፋይ ድርጅት ለአንድ ዓመት ቡሬ ሲመድበኝ ልጄ አራት ዓመቷ ነበር። ከአባቷና ከእናቴ ጋር አዲስ አበባ ትቻት 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጓዝኩ። የመጀመሪያው ሳምንት በደወልኩ ቁጥር አለቀሰች። በሁለተኛው ስልኩን አልቀበልም አለች። ይኼኛው ከለቅሶዋ ይብስ ነበር።

ያስታረቀን ጅብ ነው። አንድ ምሽት ከባለቤቴ ጋር ሳወራ ከግቢው ጀርባ ጮኸ። "ምንድን ነው እሱ?" የሚል የልጅ ድምፅ ሰማሁ። ስልኩን ወደ መስኮቱ አስጠጋሁላት። (ጅብማ አዲስ አበባም አለ፤ እኔ ግን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ሆኜ ሰምቼው አላውቅም።) በማግሥቱ ለአከራዬ ስነግራቸው፣ "የሚጮኸውን አትፍሪ ልጄ፣ ዝም ያለውን ነው" ብለው ሳቁብኝ።

ከዚያ ወዲህ ልጄ ሰላም እንኳ ሳትለኝ "ዛሬ ምን አየሽ?" ትላለች። እንግዲህ ማየት ግድ ሆነ። ሞባይሌን ስነካካ የማልፈውን የቡሬና የፍኖተ ሰላም መንገድ በመስኮት መቃኘት ጀመርኩ። ከከብቶች እግር ሥር ነፍሳት የሚለቅሙ ነጫጭ ወፎች፣ ሥጋ ቤት ደጃፍ የሚያንዣብብ ጭላት፣ መንገድ የሚያቋርጥ ጦጣ። አንዳንዱን ስሙን እንኳ አላውቀውም፤ ሾፌራችንን እጠይቃለሁ።

ከሁሉም ያስደነቃት ጉሬዛው ነው። አካባቢው ሁሉ ታርሶ አገር በቀሉ ዛፍ በብዛት የቀረው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው፤ ጉሬዛም እዚያ አይጠፋም። ቅጠል በል ነው፤ አውራ ጣት የለውም። ልጁ ደግሞ ሲወለድ ሙሉ በሙሉ ነጭ ነው።

"እናቱ ታቅፈዋለች?" አለችኝ።

"አዎ።"

"ሁልጊዜ?"

ትንሽ ቆየሁ። "ሌሎቹ ሴቶችም ይይዙላታል፤ እንደ አያትሽ" አልኳት። እውነት ነው፤ አንብቤ አረጋግጫለሁ። ቢሆንም ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

መስከረም ላይ ከበቆሎ ማሳ መሐል ማማ ላይ ወንጭፍ የያዘ የ10 ዓመት ልጅ አገኘሁ። ትምህርት ተከፍቷል፤ እሱ ግን ጦጣ ይጠብቃል። "ቆንጆ እኮ ነው" አልኩት እንደ ዋዛ። "ለእኛ ሌባ ነው፤ ዘወር ካልን እሸቱን ይጨርሰዋል" አለኝ። አፈርኩ። እኔ ለልጄ ወሬ የምሰበስብበት ጦጣ እሱን ከክፍል አስቀርቶታል። ያን ዕለት ማታ ስለ ጦጣው ሳይሆን ስለ ልጁ ነገርኳት። "እናቱስ የት ናት?" አለች። አረም ላይ ነበረች።

ጥቅምት ላይ አባቷ ይዟት መጣ። በቀጥታ ወደ ጉሬዛዎቹ ወሰድኳት። አንገቷን አቅንታ ዛፉን ፈተሸች።

"ነጩስ?"

"ያው እሱ ነው፤ አድጎ ጥቁርና ነጭ ሆኗል።"

ከቡሬ ገበያ በግምት የገዛሁላት ቀሚስ ከጉልበቷ በላይ ቀርቶ ነበር።