ከጃማይካ የባሕር ዳርቻዎች የትኛው ይመረጣል?

ውድ አንባቢ ሆይ፤ የጃማይካን የባሕር ዳርቻ ሥዕል በአንድ የጉዞ ወኪል ቤት ግድግዳ ላይ ሳያዩት አልቀሩም ይሆናል። ባሕሩ ሰማያዊ፣ አሸዋው እንደ ፉርኖ ዱቄት ነጭ ነው፤ አንድ የኮኮናት ዛፍም ወደ ውሃው ጎንበስ ብሎ ይታያል። ነገር ግን ሥዕሉን ልብ ብለው ሲመለከቱት አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ ይኸውም የአገሩ ሰው ነው። ቢገኝም ከዣንጥላ ሥር ለተጋደመው እንግዳ መጠጥ በትሪ የሚያቀርበው አሳላፊ ብቻ ነው። እንግዲህ የጃማይካ ልጅ ራሱ በየት በኩል ይዋኛል? የባሕር ዳርቻ ለመምረጥ የሚሻ ሰው ስለ አሸዋውና ስለ ውሃው ከጠየቀ በኋላ ይህንንም መጠየቅ ያለበት ይመስለኛል።

በመጀመሪያ የደሴቲቱን አቀማመጥ እንመልከት። ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ጃማይካ በካሪቢያን ባሕር ካሉት ደሴቶች ከኩባና ከሂስፓንዮላ ቀጥሎ በስፋት ሦስተኛዋ ናት። ከምሥራቅ ጫፍ እስከ ምዕራብ ጫፍ 235 ኪሎ ሜትር ያህል ትረዝማለች፤ በምሥራቅ በኩል ብሉ ማውንቴን የሚባለው ተራራ እስከ 2,256 ሜትር ከፍ ብሎ ይታያል። ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ ዝናሙን በዚህ ተራራ ላይ ስለሚያራግፈው የፖርትላንድ አውራጃ ዓመቱን ሙሉ ለምለም ነው፤ ከተራራው ጀርባ ያለው የደቡብ ዳርቻ ግን ደረቅ ነው።

የአሸዋው መልክም እንደየቦታው ይለያያል። በደቡብ በኩል ወንዞች ከተራራ ያወረዱት አሸዋ ጠቆር ይላል። በሰሜንና በምዕራብ ያለው ነጭ አሸዋ ግን አብዛኛው በባሕር ውስጥ የኖሩ ፍጥረታት ስብርባሪ ነው። ኮራል የሚባሉት ጥቃቅን ፍጥረታት ኖራ የመሰለ ቤታቸውን እየሠሩ በባሕር ውስጥ እንደ አጥር ይቆማሉ፤ አጥሩም የማዕበሉን ኃይል ያበርደዋል። አፉ እንደ በቀቀን መንቁር የጠነከረ አንድ ዓሣ ደግሞ ይህን ኮራል እየቆረጠመ አሸዋ አድርጎ ያወጣዋል። ስለዚህ ኮራሉ የሞተ እንደ ሆነ ዳርቻው አጥሩንም የአሸዋውንም ምንጭ በአንድ ጊዜ ያጣል ማለት ነው።

አሁን ከሰሜን ምዕራብ እንጀምር። በሞንቴጎ ቤይ ከተማ የሐኪሙ ዋሻ ማለትም ዶክተርስ ኬቭ የሚባል ዳርቻ አለ። ማካቲ የተባሉ ሐኪም በ1906 ቦታውን ለመታጠቢያ ማኅበር ሰጡት። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ሰር ኸርበርት ባርከር የተባሉት እንግሊዛዊ የአጥንት አቃኝ ውሃው ለጤና የሚበጅ መሆኑን ስለ ጻፉ ዝናው ባሕር ተሻገረ። ዳርቻው ስሙን ያገኘበት ዋሻ በ1932 በተነሣው ዐውሎ ነፋስ ፈርሷል፤ ስሙ ግን እስከ ዛሬ አለ። ውሃው የጠራና ጸጥ ያለ ስለ ሆነ ልጆች ላሉትና ዋና በደንብ ለማያውቅ ሰው ይስማማል። ይሁን እንጂ በበሩ ላይ የመግቢያ ዋጋ ይከፈላል።

ከዚያ መንገዱን ይዘው ወደ ደቡብ ምዕራብ ቢሄዱ ኔግሪል ይደርሳሉ። ኔግሪል እስከ ሃያኛው ምእት ዓመት እኩሌታ ድረስ ጸጥ ያለች የዓሣ አጥማጆች መንደር ነበረች። ዛሬ ግን የሰባት ማይል ዳርቻ በተባለው ረጅም አሸዋ ላይ ሆቴሎች ተሰልፈውበታል፤ በእውነት ቢለካ ሰባት ማይል አይሞላም። ዳርቻው ወደ ምዕራብ ስለሚመለከት ፀሐይ ወደ ባሕሩ ስትጠልቅ ለማየት ከዚህ የተሻለ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል። በ1894 የተሠራው የመርከብ መብራት ማማም ከዳርቻው በስተ ደቡብ ባለው ገደል ላይ ቆሟል። ነገር ግን ባሕሩ ከዓመት ወደ ዓመት አሸዋውን እየበላው ስለሚሄድ ዳርቻው በብዙ ቦታ ጠብቧል።

ሕዝብ የበዛበትን ቦታ የማይወድ ሰው ወደ ደቡብ፣ ወደ ትሬዠር ቢች ይሂድ። በዚያ አሸዋው ቡናማ ነው፤ ጀልባዎች በአሸዋው ላይ ተጎትተው ይቀመጣሉ፤ ከበስተኋላቸውም ገበሬዎች በቀዩ አፈር ላይ አትክልት ያለማሉ። ውሃው ወደ ጥልቁ የሚስብ ኃይል ስላለው የት መዋኘት እንደሚቻል ዓሣ አጥማጁን ሳይጠይቁ አይግቡ። ይህ አገር በቅርቡ ብዙ መከራ አይቷል። በሐምሌ 2024 ቤሪል የተባለው ዐውሎ ነፋስ መታው፤ ቀጥሎም በጥቅምት 28 ቀን 2025 ሜሊሳ የተባለው ከሁሉ የበረታ ዐውሎ ነፋስ በደሴቲቱ ደቡብ ምዕራብ በኩል ገብቶ ብላክ ሪቨር የተባለችውን ከተማ ክፉኛ አፈረሳት። ስለዚህ ወደ ምዕራቡ ወይም ወደ ደቡቡ ከመነሣትዎ በፊት ምኑ እንደ ተጠገነ አስቀድመው ይጠይቁ። የዐውሎ ነፋሱ ወራት ከሰኔ እስከ ኅዳር ነው፤ ለጉዞ የሚመረጠው ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ያለው ጊዜ ነው።

የኪንግስተን ሰው እሑድ ሲደርስ የሚሄደው ከከተማው በስተ ደቡብ ምዕራብ ወዳለው ወደ ሄልሻየር ነው። በዚያ ዓሣ ተጠብሶ ባሚ ከሚባለው የካሳቫ ቂጣና ፌስቲቫል ከሚሉት ጣፋጭ ጥብስ ሊጥ ጋር ይቀርባል። ምግቡንና ጨዋታውን የሚያማው የለም። የሚያሳዝነው ግን ኮራሉ ስለ ተጎዳ አሸዋው አብዛኛው በባሕር ተወስዷል፤ ልጆች ይሯሯጡበት የነበረውንም ስፍራ ዛሬ ማዕበሉ ይመታዋል።

በመጨረሻ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ለምለሙ ፖርትላንድ እንሂድ። በፍሬንችማንስ ኮቭ አንድ ቀዝቃዛ ወንዝ በዛፎች መካከል ወርዶ ከሞቃቱ ባሕር ጋር ይገናኛል፤ ዋናተኛው አንድ እግሩን በወንዙ አንዱን በባሕሩ ማድረግ ይችላል። እዚህም ይከፈላል። በቦስተን ቤይ ደግሞ ጀርክ የተባለውን ሥጋ በሚያቃጥል ቃሪያና በቅመም አሽተው በፒሜንቶ እንጨት ጢስ ላይ ይጠብሱታል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ፌሪ ሂል በተባለው መንደር ዊኒፍሬድ የሚባል ዳርቻ አለ፤ እኔ ምረጥ ብባል የምመርጠው ይህን ነው።

ምክንያቴን ልንገርዎት። ብራውን የተባሉ የሃይማኖት ሰው በ1918 ይህን ቦታ በልጃቸው ስም ሰይመው ለሚሲዮናውያን፣ ለአስተማሪዎችና ለድኾች ማረፊያ እንዲሆን በአደራ ሰጡት። እኔም አስተማሪ ነኝና ይህን ሳነብ ደስ አለኝ። የመንደሩ ሰው ከዚያ ወዲህ ያለ ከልካይ ሲታጠብበት፣ ዓሣ ሲያጠምድበትና ምግብ ሲሸጥበት ኖረ። በኋላ ግን አንድ የመንግሥት ድርጅት ስፍራውን ለእንግዶች ማረፊያ ሊያለማው አሰበ። ነዋሪዎቹ በሩ እንዳይዘጋባቸው ሰግተው ነገሩን ወደ ፍርድ ቤት ወሰዱት። በጃማይካ በ1882 የወጣ አንድ ሕግ ሕዝብ አንድን የባሕር ዳርቻ ለሃያ ዓመት ያለ ማቋረጥ የተጠቀመበት እንደ ሆነ መብቱ ይጸናለታል ይላል። በ2014 ፍርድ ቤቱ በዚሁ መሠረት ለነዋሪዎቹ ፈረደላቸው።

ይህ ፍርድ ትልቅ የሆነበትን ምክንያት ለመረዳት ሌላውን ሕግ ማወቅ ያስፈልጋል። በ1956 ጃማይካ ገና በእንግሊዝ ግዛት ሥር ሳለች የወጣው የባሕር ዳርቻ ሕግ የባሕሩን ጠርዝና ወለል የዘውድ ንብረት አደረገ፤ ለሕዝቡ ግን በየዳርቻው ሁሉ የመታጠብ መብት አልሰጠም። አገሪቱ በ1962 ነፃነቷን ካገኘች በኋላም ሕጉ ጸንቶ ኖረ። ስለዚህ ሆቴል በተሠራበት ቦታ ግንብ ይቆማል፤ ዘበኛም ይቀመጣል፤ አያቱ መረብ የጣለበትን ዳርቻ የልጅ ልጁ በአጥር ቀዳዳ ያየዋል። በጎረቤቲቱ በባርቤዶስ የባሕር ዳርቻ ሁሉ የሕዝብ ነው፤ ጃማይካውያንም የእኛስ ስለ ምን ይዘጋል እያሉ ይከራከራሉ። የሆቴሎቹም ወገን መልስ አለው፤ ለብዙ ሺህ ሰው እንጀራ የሚገኘው ከእንግዳው ነው፤ እንግዳውም ጸጥታ ይፈልጋል ይላል። ነገሩ እውነት ነው። ቢሆንም እንጀራ የሚያበላው ሥራ በራስ አገር ባዕድ መሆንን የሚያስከትል ከሆነ ዋጋው እጅግ ይከብዳል።

እኛ ኢትዮጵያውያን ደግሞ በዚህ ነገር የበለጠ ልናስብ ይገባናል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 21 ቀን 1966 ኪንግስተን በደረሱ ጊዜ ሕዝቡ አጥሩን ጥሶ እስከ አውሮፕላኑ ድረስ ጎርፎ ነበር። ዛሬም አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ቀለም በየመንገዱ ያጋጥማል፤ ከኢትዮጵያ መጣሁ ያለ ሰው በራስ ተፈሪያን ዘንድ እንደ ዘመድ ይታያል። እንዲህ በፍቅር ለሚቀበለው ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ከግንብ ውስጥ ተዘግቶ የሚሰነብት እንግዳ ጃማይካን አየሁ ሊል ይችላልን?

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ ዕድል ገጥሞዎት ወደዚያ ቢሻገሩ ለንጹሕ ውሃ ሞንቴጎ ቤይን፣ ለፀሐይ መጥለቂያ ኔግሪልን አንድ አንድ ቀን ይስጧቸው። ከዚያ ሌሎች ሰዎች በጋራ በሚሳፈሩበት ታክሲ ወደ ፖርትላንድ ይሂዱና በዊኒፍሬድ ይዋሉ። ለጽዳቱ የሚሆን ገንዘብ ቢጠየቁ በደስታ ይስጡ፤ ምሳዎን ከመንደሩ ሴቶች ይግዙ፤ ኮራሉን አይርገጡ፤ ከውሃውም ምንም ይዘው አይውጡ። እሑድ ከሆነ ሕፃናቱ ከወላጆቻቸው ጋር መጥተው ሲንቦጫረቁ ያገኟቸዋል። በግድግዳው ሥዕል ላይ ያልነበሩት ሰዎች እነርሱ ናቸው።