ስትረሱ የት ላይ ነው?

ቃሉ «ኦተንቲኬሽን» ነበር። ሰው አካውንቱ ውስጥ ሲገባ ማንነቱ የሚረጋገጥበት ሥራ ነው፤ ስንት ጊዜ ኮድ ጽፌለታለሁ። የኦንላይን ቃለ መጠይቅ ላይ ግን ጠያቂዋ ሦስት ጊዜ «ይቅርታ?» አለችኝ። በመጨረሻ ቻት ላይ ጻፍኩላት። ከዚያ በኋላ ረጅም ቃል ሁሉ ፈራሁ፤ መልሴ አጠረ። ሥራውንም አላገኘሁም።

ማታ መዝገበ ቃላት ከፍቼ ድምፁን አዳመጥኩ። በእኛ ፊደል ሰባት ሆኖ የሚጻፈው ቃል አምስት ክፍለ ቃል ነው፦ ኦ–ተን–ቲ–ኬ–ሽን። ጉልበቱ «ኬ» ላይ ያርፋል፤ ሌሎቹ ለስለስ ብለው ያልፋሉ። እኔ ፊደል እንደሚቆጥር ልጅ ሁሉንም እኩል ነበር የረገጥኳቸው።

ለካ ደንብ አለው። በ«ሽን» የሚያልቅ ረጅም ስም ከ«ሽን» በፊት ያለችውን ይጫናል፦ አፕሊኬሽን፣ ኢንፎርሜሽን። እንደ «ሴኩሪቲ» እና «ኤሌክትሪሲቲ» ያሉት ደግሞ ከመጨረሻ ሦስተኛዋን። «ፎቶግራፍ» መጀመሪያው ላይ ይጫናል፤ «ፎቶግራፊ» ሲሆን ጫናው ወደ «ቶ» ይሄዳል። የራሴ የሥራ ስም እንኳ «ቨ» ላይ ነው የሚጫነው፤ እኔ ስንት ዓመት «ዴ»ን ስረግጥ ኖሬያለሁ።

ለበዓል ግራና ስገባ ዘጠነኛ ክፍል ያለችው እህቴ ባዮሎጂ እያነበበች ነበር፦ «ፎ፣ ቶ፣ ሲን፣ ተ፣ ሲስ»። ሁሉም እኩል። ራሴን የሰማሁ መሰለኝ። እኔም እንግሊዝኛን እዚሁ፣ በዓይኔ ነው የተማርኩት። መጽሐፉ ላይ ደግሞ ጫናው አይታይም።

ደብተሯ ላይ «ገና አልመጣም» ብዬ ጻፍኩና «አንብቢው» አልኳት።

«የቱ ገና? በዓሉ ነው ወይስ እስካሁን?»

እሱን ነበር የፈለግኩት። ሲጠብቅ በዓሉ ነው፣ ሲላላ «እስካሁን»። ፊደላችን መጥበቅና መላላቱን አይጽፍም፤ እኛ ከእናታችን አፍ ስለሰማነው ግን አንሳሳትም። የእንግሊዝኛውም እንደዚያው ነው፦ ካልሰማነው ከየት እናመጣዋለን? ያን ቀን ያፈርኩት ማንም አሰምቶኝ በማያውቀው ነገር ነበር።

«ፎቶሲንተሲስ»ን ጠረጴዛ እየመታን አልነው፤ «ሲን» ላይ ጠንከር አድርገን። እናታችን ከጓዳ «ምን ትደበድባላችሁ?» አለች።

አዲስ አበባ ከተመለስኩ ወዲህ ማታ ማታ አንድ ረጅም ቃል በቴሌግራም ድምፅ እልክላታለሁ። ትናንት የእሷ መልስ መጣ፦

«ጋሼ፣ ‹ዴቨሎፐር› ስትል ገና ‹ዴ› ላይ ነህ።»