የአያቴ ለቅሶና የመንግሥት ትእዛዝ

አንባቢ ሆይ! በ2012 ዓ.ም. መንግሥት ስለ ኮሮና በሽታ ያወጣው ትእዛዝ ልክ ነበረ፣ አልነበረም በሚለው ክርክር አንተም ሳትገባበት የቀረህ አይመስለኝም። በቡና ቤት፣ በባጃጅ ውስጥ፣ በመሥሪያ ቤት በረንዳ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ሰው ሁሉ ፈራጅ ሆኖ ነበር። እኔም ከፈራጆቹ አንዱ ነበርሁ፤ ያውም ድምፁን ከፍ ከሚያደርገው ወገን። ዛሬ በፍኖተ ሰላም የታሪክ አስተማሪ ነኝ፤ በዚያን ጊዜ ግን የሃያ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርሁና የማላውቀው ነገር በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ነገሩን ከመጀመሪያው ላስታውስህ። መጋቢት 4 ቀን በሽታው በአንድ የጃፓን ተወላጅ ላይ በአዲስ አበባ መገኘቱ ተነገረ። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ታዘዘ፤ ቆየት ብሎም እኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወደየቤታችን ተሰናበትን። በወሩ መጨረሻ ምርጫ ቦርድ ለነሐሴ 23 ቀን የተቀጠረውን ምርጫ በጊዜው ማካሄድ እንደማይችል አስታወቀ። መጋቢት 30 ቀን ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብና እጅ ለእጅ መጨባበጥ ተከለከለ፤ መኪናም በግማሽ ወንበሩ ብቻ እንዲጭን ታዘዘ። በሚያዝያ 11 ቀን የዋለውን ፋሲካ የከተማው ምእመን ቤቱ ተቀምጦ በቴሌቪዥን ተከታተለው። ቴሌቪዥን የሌለው ባላገር ምን አደረገ ትለኝ እንደ ሆነ፣ እንደ ወትሮው ነጠላውን ለብሶ ወደ ደብሩ ሄደ።

ለእኛ አገር ሰው ግን ፍርሃቱን እውነተኛ ያደረገው አዋጁ ሳይሆን የጥሊሊ መዘጋት ነው። ከአዋጁ አስቀድሞ የክልሉ መንግሥት ባሕር ዳርን፣ እንጅባራን፣ አዲስ ቅዳምንና ጥሊሊን ለ14 ቀን ዘግቷቸው ነበር። ከፍኖተ ሰላም ተነሥተህ ማንኩሳንና ቡሬን አልፈህ ወደ ባሕር ዳር ስትሄድ ቀጥሎ የምታገኘው ጥሊሊን ነውና፣ በሽታው ከጎረቤት ደረሰ ማለት ነው። የቡሬ በርበሬ ነጋዴ ጆንያውን እንደ ደረደረ ቀረ።

በቡና ቤት ያለው ክርክር ሁለት መልክ ነበረው። አንደኛው ወገን፣ መንግሥት ዘግይቷል፤ ወደ ቻይና የሚበረው አውሮፕላን ገና በጥር መቆም ነበረበት ይላል። ሁለተኛው ወገን፣ የዕለት ጉርሱን ከገበያ የሚያገኝን ሰው ቤትህ ተቀመጥ ማለት በረኀብ ሙት ማለት ነው ይላል። ጠቅላይ ሚኒስትሩም ቢሆኑ አገሪቱን እንደ ሀብታሞቹ አገሮች ፈጽሞ መዝጋት እንደማይቻል ተናግረዋል። እኔ ግን ከሁለቱም ወገን አልነበርሁም፤ የእኔ ወገን ትእዛዙ ነው። ቀበሌው ለበጎ ፈቃደኛ ተማሪዎች ያደለን ወረቀት ነበረ። እርሱን በገበያና በመናኸሪያ እያነበብሁ ስዞር፣ አገር ያዳንሁ ያህል ይሰማኝ ነበር።

በግንቦት መጀመሪያ አያቴ ዐረፉ። የሞቱት በእርጅና ነው፤ በሽታው አልነካቸውም። ቤታቸው ከቡሬ ወደ ገጠር የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ወረቀቱን በኪሴ ይዤ ደረስሁና፣ አስከሬኑ ሳይወጣ ለቤተ ዘመዱ አነበብሁት። አጎቴ በትዕግሥት ከሰሙኝ በኋላ እንዲህ አሉኝ።

«ልጄ፣ ወረቀቱ ደግ ነው። በሽታ መኖሩንም አልክድም። ዳሩ ግን እኛ የምናለቅሰው በሜዳ ነው፤ ሜዳውም ሰፊ ነው። ሰዉ ጎጥ በጎጥ እየሆነ ቢመጣ፣ ራቅ ራቅ ብሎ ቆሞ አልቅሶ ቢመለስ፣ ሌላው ጎጥም ተራውን ቢጠብቅ ምን ይላል? እህል ውሃው ይቅር፤ ከአንድ መሶብ አንበላም፤ እጅም አንጨባበጥም። ይህንን ለጻፉት ሰዎች ልትነግርልኝ ትችላለህን?»

«አጎቴ፣ ትእዛዝ እኮ ነው» አልኋቸው።

አንባቢ ሆይ፣ ይህችን መልስ ልብ በልልኝ። አጎቴ ፊደል አልቆጠሩም፤ ነገር ግን ያቀረቡት ሐሳብ በኪሴ ከነበረው ወረቀት የተሻለ ነበረ። በሽታው በተዘጋ ቤት ውስጥ እንጂ በገላጣ ሜዳ ያን ያህል እንደማይዛመት ሊቃውንቱ በኋላ አረጋግጠዋል። እኔ ያን ጊዜ ቁጥር ብቻ ነበር የማውቀው፤ እርሳቸው ግን የትኛው ልማድ ሰውን ከሰው እንደሚያነካካ ለይተው፣ የሚቀረውንና የማይቀረውን በአንድ ትንፋሽ ነገሩኝ።

ቀብሩ በጥቂት ሰው ሆነ። እኔም ከሁለት ጎረምሶች ጋር ከመንገዱ ላይ ቆሜ ለቀስተኛ መለስሁ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከሩቅ አገር የመጡ ሰዎች ወረቀቴን አይተው፣ አንገታቸውን ደፍተው ይመለሱ ነበር። አንዲት ባልቴት ግን አልመለስ አሉኝ። ከአያቴ ጋር አብረው ያደጉ፣ ልጅም አብረው ያሳደጉ ናቸው። «እርሷ የእኔን ልጅ ስትቀብር ማን ከለከላት?» ብለው ጠየቁኝ። የምመልሰው አጣሁና ወረቀቱን አሳየኋቸው፤ ማንበብ እንደማይችሉ እያወቅሁ! በመጨረሻ ከወንዙ ማዶ ተሻገሩና ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ለብቻቸው ሙሾ ያወርዱ ጀመር። ለብቻ የሚለቀስ ለቅሶ ሰምተህ ታውቃለህን? ሙሾ ተቀባይ ሲያጣ ምን እንደሚመስል እኔ ያን ቀን ሰማሁ።

ከዚያ በኋላ አጎቴ ለጉዳይ ፍኖተ ሰላም መጥተው ከቤታችን ዐደሩ። በቴሌቪዥን የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ በወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ሰብሳቢነት የሕግ ባለሙያዎችን አስተያየት የሚሰማበት ሰሞን ነበር። ጥያቄው፣ ምርጫው በወረርሽኙ ምክንያት ሲቀር፣ ዘመኑ መስከረም ላይ የሚያልቀው መንግሥት ምን ይሁን የሚል ነው። እውነቱን ለመናገር እኔ በጣም ተደስቼ ነበር፤ በአገራችን እንዲህ ያለ ክርክር በአደባባይ ሲደረግ አይቼ አላውቅምና። አጎቴ ጥቂት ካዳመጡ በኋላ «ስለ ምንድን ነው የሚከራከሩት?» አሉኝ። አስረዳኋቸው።

«ስለ ለቅሶውስ የተከራከሩት መቼ ነው?» አሉኝ።

ቀልድ መስሎኝ ቀና ብዬ አየኋቸው፤ አልቀለዱም።

የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰኔ 3 ቀን የመንግሥቱ ዘመን እንዲራዘም ወሰነ። በትግራይ ጳጉሜን 4 ቀን ለብቻው ምርጫ ተደረገ፤ ከዚያ ወዲህ የመጣውን ጦርነት ሁላችን እናውቀዋለን። አዋጁ ገና ሳይነሣ፣ ሐምሌ 26 ቀን፣ ስለ ዓባይ ግድብ የመጀመሪያ ሙሌት የአዲስ አበባ ሕዝብ ደስታውን ለመግለጽ ወደ አደባባይ ወጣ። ደስታውን አልነቅፍም፤ ዓባይ የሚዞረው ጎጃምን ነውና ለእኛም ደስታችን ነበር። አጎቴ ግን የጎረቤት ስልክ ተውሰው ደወሉና «ደስታ ሲሆን በሽታው አይዝም እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። በሚቀጥለው ዓመት በሰኔ ወር፣ ለምርጫው ቅስቀሳ የጅማ ስታዲየም ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ በቴሌቪዥን ሲታይ፣ አልደወሉም። እኔ ግን ስልኩን አየሁት።

እንግዲህ ትእዛዙ ባይወጣ ይሻል ነበር የምል አይምሰልህ። በአገራችን ወደ 500 ሺህ የሚጠጋ ሰው በሽታው እንደ ተገኘበት፣ ከ7,500 የሚበልጥም እንደ ሞተ በመዝገብ ገብቷል፤ ይህም የተመረመረው ብቻ ነው። ሐኪም በሌለበት ገጠር መጠንቀቅ ፈሪነት አልነበረም። የሚቆረቁረኝ ሌላ ነው። የሹማምንት ዘመን ሲራዘም ባለሙያ ተጠርቶ፣ ወገን ለይቶ፣ በሕዝብ ፊት ተከራከረ። የባላገሩ ለቅሶ ሲያጥር ግን የእድር ዳኛ፣ ቄስ፣ ሽማግሌ ተጠርቶ እንዴት ይሻላል ተብሎ ሲጠየቅ አላየሁም። አጎቴን ለመጠየቅ ደግሞ ጉባኤ አላስፈለገም ነበር፤ እፊታቸው ቆሜ ነበርሁ።

በክፍል ውስጥ ስለ 1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ሳስተምር ይህ ነገር ይመጣብኛል። ያን ጊዜ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ነበር፤ የአዲስ አበባ ሬሳ ቀባሪ አጥቷል። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ ሆኖም ኅዳር 12 ቀን ሲደርስ ሕዝቡ ማንም ሳያዝዘው ቆሻሻውን ጠርጎ ያቃጥላል፣ ተማሪዎቼም ጢሱ ዐይናቸውን እያስለቀሳቸው ይመጣሉ። የአፍና የአፍንጫ ጭንብላችን ግን ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላው ከአገጭ ወርዶ፣ ከኪስ ገብቶ፣ ጠፋ። ዛሬማ በጎጃም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የሚለውን ቃል የሚሰማ ሰው በሽታውን አያስብም፤ የሚያስበው የ2015ቱን ነው።

አዋጁ አምስት ወሩን ጨርሶ ካለቀ በኋላ፣ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. አጎቴ የቀረውን ለቅሶ ጠሩ። ዝናቡ አባርቷል፣ ጤፉ ማሸት ጀምሯል። ሰዉ ከየጎጡ በተራ በተራ ሆኖ መጣ፤ አጎቴ በግንቦት እንዳሉት ነው ያደረጉት። እኔ ጭንብሌን አድርጌ ከዳር ቆምሁ። እኒያ ባልቴት ከመንደራቸው ሰዎች ጋር ደረሱ፤ ሲያለቅሱም ብዙ ድምፅ ተቀበላቸው። ለቅሶው ሲበርድ ወደ ቆምሁበት መጡና እጄን አየት አደረጉት።

«ዛሬስ ወረቀት አልያዝህም?» አሉኝ።

«አልያዝሁም፣ እማማ።»

«እንግዲያ ተቀመጥ» ብለው ከግንዱ ላይ ጠጋ አሉልኝ።